አምስት ቮልት

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ በጠባቧ ደረጃ ወርደን፣
ወይዘሮ ዘርትሁን ቁልፉን ስታዞር በሩን በትከሻ ገፍተን፣
ከባዶ ጆንያ ክምር ማዶ፣ እግሩ ከተሰበረ ጆተኒ ጎን
አገኘነው፤
በአልጋ ልብስ ተሸፍኖ፣ እንደ ታመመ ሰው ቆሞ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው» አለች «ትንፍሽ ሳይል።
ደርሶ ከአስመራ በጭነት መኪና ሲያመጣው
አራዳ በሙሉ ሳቀብን፦ ሳንቲም የሚበላ ሣጥን!
ኋላ ሰልፉ እስከ ሲኒማው ነበር።»

«ከግድግዳው ጀምሪ» ይለኛል ጋሽ ውበቱ፣ «ከሶኬቱ፤
ጀማሪ ነው ቦርድ የሚነቅል፣ ሳያይ መብራት መኖሩን በቤቱ።»
ለካሁ። ሁለት መቶ ዐሥር።
«ደግ ነው» አለ «ለጎንደር።»
ስፒናው ደህና። ገመዱን አይጥ ቀምሶታል፣ አልጨረሰውም፤
ቆርጬ ቀጠልኩ፣ ናስትሮ ጠመጠምኩ፤ ሣጥኑ ግን አልተነፈሰም።

ጀርባውን በካቻቪቴ ፈታሁ። የሸረሪት ድር፣
የልጅ ካልሲ፣ አንድ እግር፣
አንበሳው የጠቆረ ዐሥር ሳንቲም፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ አፈር።
ትራንስፎርመሩ ከታች፣ እንደ ድንጋይ ከባድ፣ እንደ ድንጋይ ዝም።
ፊውዙ ቤት ላይ ባትሪ አበራሁ፤
የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ፊውዝ አይደለም።

የሲጋራ ወረቀት ነው፤ ብርማው፣ ከፓኮው ውስጥ የሚወጣው፣
በሞተ ፊውዝ ላይ ተጠቅልሎ፣ መሐሉን እሳት የበላው።
ጋሽ ውበቱ ሳቀ፤ በዓመት አንዴ ነው የሚስቀው።
«ይሄን ያደረገ ሰው ቤቱን ሊያነድ ነበር፤ እግዜር ነው የጠበቀው።»

ወይዘሮ ዘርትሁን መነጽሯን አደረገች፣ መዳፏን ዘረጋች።
ብዙ ቆየች።
«ካቆምኩ ሰባት ዓመቴ ይለኝ ነበር ደርሶ፣
ቁስቋም ሄዶ ተስሎ፣ ስለቱንም አድርሶ።
ለካ እዚህ ኖሯል፣ ከዚህ ሣጥን ጀርባ ተቀምጦ፤
እኔ ላይ ቤት ራት ሳቀርብ፣ እሱ ታች ቤት ጭሱን ውጦ።»
መሳቋን ነው ማልቀሷን አላወቅኩም፤
ዐይኔን ካፓሲተሮቹ ላይ ጣልኩ። አናታቸው አብጧል።

አዲስ ፊውዝ ከተትኩ።
ሣጥኑ አጉረመረመ። መስታወቱ ነጣ፣
አረንጓዴ መጣ፣ ቀይ መጣ፣
ግን ሁሉም የተበተነ፤ ፊደል የሚመስል፣ ፊደል ያልሆነ።
ቴስተሩን ቦርዱ ጠርዝ ላይ አሳረፍኩ፦ አራት ነጥብ ሁለት።
«አምስት ይፈልጋል» አለ ጋሽ ውበቱ፤
«በአራት ይበራል እንጂ አያስብም።
ዐይኑ ተከፍቶ ራሱን የማያውቅ በሽተኛ አይተሽ አታውቂም?»
«አይቻለሁ» አለች ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ሳንጠይቃት።
«አራት ወር።»

ካውያው እስኪግል ማንም አልተናገረም።
ከሞተ ቴሌቪዥን የነቀልኩትን ካፓሲተር
በስታኞ አጣበቅኩ፤ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽም።
አራት ነጥብ ስድስት።
አራት ነጥብ ዘጠኝ።
አምስት።

መርከቧ ከጥቁሩ ሰማይ ግርጌ ብቅ አለች፣
እንደ ጫጩት ጮኸች።
«ስሙን አሳዩኝ» አለች፤ «አንደኛ እሱ ነበር፣ ማንም አልደረሰበትም፤
ሦስት የፈረንጅ ፊደል ነው የሚጽፈው።»
ዝርዝሩ መጣ፦ ኤ፣ ኤ፣ ኤ። ከላይ እስከ ታች ኤ።
«መብራት ሲሄድ ሁሉን ይረሳል» አለ ጋሽ ውበቱ ቀስ ብሎ፤
«ጥፋት አይደለም፤ ሲሠሩትም እንዲሁ ነው።»

አንገቷን ነቀነቀች።
ያችን የተቃጠለች ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣
ደግሞ ፈታች፣ አሸተተች፣
ቋጠረች።

ያኔ ነው ከተማው የጠፋው፤ ደረጃው፣ ፒያሳ፣ እስከ አውቶ ፓርኮው።
መርከቧ ወደ አንዲት ነጥብ ተሰብስባ ከሰመች።
በጨለማው የጋሽ ውበቱ ድምፅ፦
«ስፒናውን ንቀይው። ሲመለስ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው።»
ወለሉን እየዳበስኩ ሄድኩ።
ገመዱ፣ አይጥ የቀመሰው ጋ፣
እኔ የቀጠልኩት ጋ፣
ትንሽ ይሞቅ ነበር።